እግርህን ግጠም

ባለፈው ሰኔ ቢሾፍቱ እናቴ ቤት ሳለሁ መብራት ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ማንም ግድ አልሰጠውም። በሁለተኛው ቀን ከሰሉ አለቀ፤ ዝናቡ ደግሞ ሱቅ ድረስ እንኳ የሚያስወጣ አልነበረም። እማዬ ጓዳ ገብታ ስታንኳኳ ቆየችና ከእህል በርሜሉ ጀርባ የድሮውን የላምባ ምድጃ ይዛ ብቅ አለች። በጄሪካን ቂጥ የቀረች፣ አንድ ብርጭቆ የማትሞላ ላምባ አላት፤ ከየት እንዳመጣቻት አልጠየቅኳትም። አቧራውን ጠረገች፣ ክሮቹን በምላጭ ከረከመች፣ ክብሪት ጫረች። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ቢጫ ነበልባል፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

በዚህ ሽታ ያደገ ሰው ምን ትዝ ሊለው እንደሚገባ አውቃለሁ። ኩራዝ፣ የቤት ሥራ፣ ጠዋት ስትነሳ በጥላሸት የጠቆረ አፍንጫ። እኔም የጠበቅኩት እሱን ነበር። አፍንጫዬ ግን ያን ሁሉ ዘለለና ቨርጂኒያ ገባ፤ ኦሬንጅ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንዲት አጭር የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር፣ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ። የጥቅምት ቀን ነው። ደጅ ላይ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን እየተንቀጠቀጠ ቆሟል፤ ከሞተሩ የሚመጣው ትኩስ አየር ልክ የእናቴን ጓዳ ይሸታል። እኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ደግሞ ተንበርክኮ ጭኔ ላይ ቀበቶ ያጠብቃል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። እንዲህ ያለው ሞተር የሚጠጣው ነዳጅ ከላምባ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ የበለጠ የተጣራ፣ ላይ ሲወጣ ብርዱ እንዳያረጋው የተደረገ እንጂ። እኛ ቤት ኩራዙና ከደጃችን በላይ የሚያጓራው አንቶኖቭ ለካ ከአንድ ማድጋ ይቀዳላቸው ነበር። ይህን ማወቅ የነበረብኝ ግን ከዚያ ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ምክንያቱም ጋሼ ሁልጊዜ ላምባ ላምባ ይሉ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አየር ወለድ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጦር ሰፈሩ ሲመጡ እማዬ ደጃፍ ላይ ታስቆማቸዋለች። "አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ያን ልብስ አውልቅ!" ትላለች። ልብሱ በትልቁ ሳፋ ይዘፈዘፋል፣ እሳቸው የአባቴን ጋቢ ደርበው ቡና ይጠጣሉ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ቦት ጫማቸውን ለመጫማት እንጣላለን። አንድ እግር ቦት ሁለታችንን ያስገባን ነበር።

በሥራ ቀን ደግሞ ሰማይ ነበረን። ከየረር ተራራ በኩል ያ ግራጫ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥር ላይ ይወጣል። እኛ ቤት ጣሪያ ላይ ነበር የምንወጣው። ከቆርቆሮዎቹ አንዷ ቀይ ቀለም የተቀባች ናት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ ከሌሎቹ ይልቅ በባዶ እግር ስለምታቃጥል ግን በደንብ አውቃታለሁ። ከአውሮፕላኑ ሆድ መጀመሪያ ነጠብጣብ ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ስንቆጥር ነጠብጣቡ ያብባል። ከዚያ ሁሉም ጃንጥላ አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ነፋሱ ነው። "ያ ጋሼ ናቸው!" እላለሁ። ጓደኞቼ ያምኑኛል። የትኛው እንደሆኑ እኔም አላውቅም።

ጃንጥላ ነው የምለው። በሕጻንነታችን ፓራሹት የሚል ቃል በአፋችን አልነበረም። የዝናቡም ጃንጥላ፣ የጥምቀቱም ጃንጥላ፣ የጋሼም ጃንጥላ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል ነው። የጎረቤታችን ልጅ የአያቱን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ከግንብ አጥር ዘለለ። ጃንጥላው አየር ላይ ተገለበጠና እንደ ጎመን ተከፈተ፤ የልጁ አንጓ ወለቀ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። እሑድ ጠዋት ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰበሰቡን፣ የውኃ በርሜል ገለበጡና በየተራ እያወጡ አዘለሉን።

"እግርህን ግጠም! ጉልበትህን እጠፍ! መሬት መሬት አትይ፤ የረርን እይ!"

የዘለለ ሁሉ መጀመሪያ እግሩን ይከፍታል፤ ሰውነት በራሱ የሚያደርገው ነው፣ አንዱ እግር ሌላውን ቀድሞ መሬት መፈለግ። ጋሼ የማይፈልጉት እሱን ነበር። ቀድሞ የደረሰው እግር ብቻውን ይሰበራል። ሁለቱ አንድ ላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፤ መጠቅለል ነው። ውስጥ እግር፣ ባት፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ከዚያ በጀርባ መገልበጥ። "መሬትን በአንድ ቦታ ከተቀበልካት ትሰብርሃለች፤ ለመላ ሰውነትህ አካፍላት" ይሉናል። ስንት እሑድ እንደዘለልን አላስታውስም። ጉልበቴ ያስታውሳል።

ስለ ሰማዩ ግን ምንም ነግረውን አያውቁም። ላይ ምን እንደሚመስል፣ በሩ ላይ ምን እንደሚሰማ፣ ፈርተው እንደሆነ። ስንጠይቃቸው "ነፋስ አለ" ይላሉ። በቃ። በኋላ ወደ ሰሜን ሄዱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሱ፣ ያኔም የነገሩን ያንኑ ያህል ነው።

እንግዲህ ኦሬንጅ ያደረሰኝ ይህ "ነፋስ አለ" ነው ብዬ ብጽፍ ያምራል። እውነቱ ያን ያህል አያምርም። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አብራን የምትሠራ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ካልዘለልኩ ብላ ስድስት ሰው ሰበሰበች። ቀኑ ሲቃረብ አምስቱ አንድ በአንድ ቀሩ። እኔ ደግሞ አንድ ሌሊት፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት፣ ስለ ጋሼ ብዙ አውርቻት ነበር። አጎቱ አየር ወለድ የሆነ ሰው እንዴት ብሎ ይቀራል? በአፌ ነው የተያዝኩት።

የአገሬ ልጆች ምክር አልነፈጉኝም። ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ ዘወትር የምንቀመጥበት ቡና ቤት ነገሩን ባነሳው አንዱ "አውሮፕላኑ ምን ሆነና ነው የምትወርደው?" አለኝ። ሌላው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ገንዘቡን ሲሰማ ሂሳብ ጀመረ፤ ስንት ኤርፖርት ደርሶ መልስ እንደሚሆን። "እናትህ ታውቃለች?" ያለኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ለእሱ መልስ አልነበረኝም።

ማንም ያልነገረኝ ግን መዝለል ማለት በአብዛኛው መጠበቅ መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ በ66 አውራ ጎዳና ወጥተን፣ 29ን ይዘን፣ ካልፔፐርን አልፈን ደረስን፤ ሰማዩ ጠራ ያለ ነበር፣ ነፋሱ ግን አልፈቀደም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሣር ላይ ተቀምጠን የነፋስ መለኪያ ከረጢቱን አየን። ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሚቀጥለው ሳምንት ነፋሱ የለም፣ ደመና መጣ። ሦስት ሰዓት ከጠበቅን በኋላ ተከፈተልን። ፍርሃት እንዲህ ሲጠብቅ መልኩን ይቀያይራል፤ አንድ ሰዓት ላይ ሆድ ቁርጠት ነው፣ አራት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ረሃብ። ሆዴን ባዶ አድርጌ መጥቼ ነበርና ይህ ስህተት ነው አሉኝ። ቀለል ያለ ቁርስ የበላ ሰው ጾሙን ከመጣው ይልቅ ላይ አያቅለሸልሸውም።

ሚዛን ላይ አወጡን። ከመቶ ኪሎ ከፍ ያለ ሰው ወይ ይጨምራል ወይ ይመለሳል። ከዚያ ወረቀት መጣ፤ በየአንቀጹ ዳር ፊርማ፣ በየአንቀጹ ሞት የሚል ቃል። ብሞት አልከስም፣ ቤተሰቤም አይከስም፣ የሆነው ሁሉ በራሴ ፈቃድ ነው። በሕይወቴ ብዙ የአሜሪካ ወረቀት ፈርሜአለሁ፤ የሞት ነገር በእንዲህ ያለ ግልጽ ቋንቋ የተጻፈበት አላየሁም። ቀጥሎ ቪዲዮ ተከፈተ። ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እንከን የሌለው ፓራሹት እንደሌለ፣ እንከን የሌለው አውሮፕላንም ሰውም እንደሌለ በተረጋጋ ድምፅ ያስረዳል። ከዝቋላ ገዳም የወረዱ አባት ይመስላል። በኋላ ሳጣራ ቢል ቡዝ የሚባለው ሰው ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጃንጥላ የሚዘልበትን መንገድ በ1980ዎቹ ካመጡት አንዱ። የሠራው ሰው ራሱ "አትመኑት" ማለቱ እንግዳ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከፈገግተኛ ሻጭ ይልቅ እሱን አመንኩ።

ቁጥሩን ያየሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ወደ 3.65 ሚሊዮን ዝላይ ተዘልሎ አሥር ሰው ሞቷል። ከእነዚያ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ጊዜ ዘላዮች አይደሉም፤ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ የለመደው ነው፤ ጃንጥላው ደህና ተከፍቶ ሳለ መሬት አካባቢ ሹል መታጠፊያ የሚሞክር። ያን ቀን ይህ ቢነገረኝ ያረጋጋኝ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ያን ቀን ያስፈራኝ ቁጥር ሳይሆን ልጁ ነው።

ልጁ መጋዘኑ ወለል ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ጃንጥላ ያጥፋል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ አለ፤ አጠገቡ የድንች ጥብስ ላስቲክ ተከፍቷል። ያን ሰፊ ጨርቅ እጥፋቱን እየቆጠረ ሰበሰበው፣ ገመዶቹን መሀል አደረገ፣ ጠቀለለው፣ ከዚያ በሆዱ ተኛበት። አየሩ እንዲወጣ ነው። ሲጨፍን የተኛ መስሎኝ ነበር። ተነስቶ በጉልበቱ እየገፋ፣ እማዬ በዓል ሲመጣ ፍራሽ ከረጢት ውስጥ እንደምታስገባው፣ ያን ሁሉ ጨርቅ የጀርባ ቦርሳ በምታክል ነገር ውስጥ ከተተው። አንድ ድንች ጎረሰ። ሌላ ጃንጥላ ጎተተ። አሥር ደቂቃ የፈጀበት አይመስለኝም።

አስተማሪዬ ፊቴን አይቶ ሳቀ። ቦርሳው ውስጥ ሌላ ጃንጥላ እንዳለ አሳየኝ፤ ተጠባባቂው በዚህ ልጅ አይነካም፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚያጥፈው፣ ሳይዘለልበት ቢቀር እንኳ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ ተመርምሮ እንደገና ይታጠፋል። ደግሞ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ሁለታችንም ራሳችንን ብንስት፣ ከፍታው አንሶ ፍጥነቱ ካልቀነሰ፣ እሷ ራሷ ክሩን ቆርጣ ተጠባባቂውን ትለቃለች። "ሁለታችንም" ሲል ቀለል አድርጎ ነው ያለው።

ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ ነበር። ስትወጣ እንደ ሙዝ ታጠፍ፤ ሆድህን ወደፊት፣ ራስህን ወደ ኋላ፣ እግርህን በእኔ እግሮች መሀል። ትከሻህን መታ ሳደርግ እጅህን ዘርጋ። ልታርፍ ስትል እግርህን አንሳ፤ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሳብ፣ መሬት መጀመሪያ እኔ እነካለሁ፣ ካልሆነም አብረን በቂጣችን እንንሸራተታለን። ገባህ? ገባኝ። አሳየኝ። ከጣሪያ በወረደ ማንጠልጠያ ላይ ሆኜ እግሬን አነሳሁ። "በጣም ጥሩ" አለ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር የለም፤ ረጅም አግዳሚ ነው፣ በግራና በቀኝ፣ እየተያያዝን እንደ ሚኒባስ ትርፍ ተሳፋሪ ተጠጋግተን ተቀመጥን። በሩ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ ብርሃን የሚያስገባ ነው። ልጅቷ ከፊቴ ናት፤ ስታወራ የነበረችው ዝም ብላለች። የላምባው ሽታ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ተከተለን።

ከዚያ ግራ የሚያጋባ ነገር ሆነ። አስተማሪው አንጓው ላይ የታሰረውን ከፍታ መለኪያ አሳየኝ፤ መርፌው 6,000 ጫማ ላይ ነው። ልጅቷ በመስኮት ወደ ታች አይታ በስፓኒሽ እግዚአብሔርን ጠራች። እኔ ደግሞ ሂሳብ ገባሁ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,920 ሜትር ገደማ ናት፤ ይህ 6,300 ጫማ አይደለም እንዴ? ታች ያለው የኦሬንጅ ሜዳ ከባሕር ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ አሁን ያለነው እናቴ ኩሽና ከፍታ ላይ ነው። ከዚህ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ብሄድ፣ ውቅያኖሱን ተሻግሬ፣ በጓዳዋ በር ነው የምገባው። ሰው ሁሉ የሰማይ ጥግ ላይ የደረሰ የመሰለው ቦታ ላይ እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች። 8,000 ላይ አዲስ አበባን አለፍን። ያሳቀኝ ይህ ነው፤ አስተማሪው ፍርሃት መሰለው፣ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ።

14,000 ጫማ ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ ይላል። በሩ ሲከፈት ብርዱ እንደ ጥፊ ገባ፤ በየሺህ ጫማው ሁለት ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ስለሚሄድ ታች ሹራብ ያላስፈለገው ቀን ላይ በረዶ ይሠራል። ልምድ ያላቸው በሦስት በአራት እየሆኑ፣ እየተሳሳቁ፣ ከበሩ እንደ ጤፍ ፈሰሱ። ቀጥሎ ልጅቷ ጠፋች። አሁን ነበረች፣ አሁን የለችም፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ መጥፋት አላየሁም። ከዚያ በአራት መንጠቆ፣ ሁለት ትከሻ ላይ ሁለት ዳሌ ላይ፣ ከሰውዬው ሆድ ጋር የተያያዝኩት እኔ እየተንኳተትኩ ወደ በሩ ተገፋሁ። እግሬ አየር ላይ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ዘላይ አይዘልም፤ እንደ ታዘለ ልጅ ይወሰዳል።

ሆዴ የት እንደሚሄድ ጠብቄ ነበር። የትም አልሄደም። ገደል ላይ እንደመውደቅ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ወደፊት ይዞህ ሲበር ነበርና አየሩ ከወጣህበት ቅጽበት ጀምሮ ይቀበልሃል፣ ወደፊት የነበረው ፍጥነት ቀስ ብሎ ወደታች ይዞራል። ከዚያ የሚመጣው ጩኸት ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ። ጃንጥላው ገና አልተከፈተም፤ አስተማሪው የዝናብ ጃንጥላ የምታክል ትንሽ ጨርቅ ከኋላ ለቋል፤ የሁለታችን ክብደት ከዚህም በላይ እንዳያስሮጠን የምትጎትተን እሷ ናት። መተንፈስ ያቃተኝ መሰለኝ። አያቅትም፤ አየሩ በዝቶ ነው። አስቀድመው "ጩህ፣ ስትጮህ ትተነፍሳለህ" ብለውኝ ነበር፤ ጮህኩ፣ ድምፄ ከአፌ ሳይወጣ ተወሰደ። ጉንጬ እንደ ሰንደቅ ይርገበገባል። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ ብሉ ሪጅ ተራሮች በስተምዕራብ ሰማያዊ ሆነው እንደተጋደሙ ብቻ ነው።

አንድ ደቂቃ አትሞላም። ልክ ከእናቴ ኩሽና ትንሽ ዝቅ እንዳልን ወደ ላይ ተጎተትን፤ መጎተት ይመስላል እንጂ ፍጥነቱ መቀነሱ ነው። ጩኸቱም ቀጥ አለ።

ዝምታውን እንዴት እንደምጽፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰማይ ላይ ሰው የሚያወራበት ድምፅ፣ እቤት ውስጥ እንደሚወራው ያለ። አስተማሪው "እንዴት ነህ?" አለኝ፤ ጆሮዬ አጠገብ፣ በለሆሳስ። ከዚያ ቀበቶው እንዲመቸኝ ዳሌዬ ላይ ያለውን ለቀቅ ሲያደርግ አንድ ስንዝር ወደታች ሸተት አልኩ፤ በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠ የደነገጥኩት ያኔ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው የለም፤ እኔ እነግራችኋለሁ። ይለቃል፣ አትወድቁም።

ሁለቱን መሪ ገመዶች ሰጠኝ። የቀኙን ስስብ ወደ ቀኝ ዞርን። ጋሼ ያላደረጉት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። የእሳቸው ጃንጥላ ክብ ነበር፤ ነፋስ ይመራዋል እንጂ ሰው አያዝዘውም። ደግሞም ወድቀው አያውቁም። የወታደር ዘላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ከተዘረጋ ሽቦ ላይ ገመዱን ያንጠለጥላል፣ ሲወጣ ገመዱ ጃንጥላውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ አራት ሴኮንድ እንኳ በወጉ አይሞላም። ከፍታው ጥቂት መቶ ሜትር ነው። እኔ አንድ ደቂቃ ያህል በገንዘቤ ወደቅኩ፤ እሳቸው ያን ደቂቃ አላዩትም። እሳቸው ያዩትን፣ በዚያ በር ላይ ጠመንጃና ስንቅ ታጥቆ በተራ መቆሙን፣ ከኋላ ያለው ሰው እስትንፋስ አንገት ላይ መሆኑን፣ እኔ አላየሁትም። ልቀርባቸው ወጥቼ ሌላ ሰማይ ላይ ነበርኩ።

ስድስት ደቂቃ ያህል ተንሳፈፍን። ሜዳው መጣ፣ ሰዎቹ መጡ፣ የሣሩ ጫፍ መለየት ጀመረ። "እግርህን አንሳ" አለኝ። ሰምቻለሁ። ማንጠልጠያው ላይ አድርጌዋለሁ፣ "በጣም ጥሩ" ተብያለሁ። መሬቱ ግን ሲመጣ ሲመጣ ዓይኔ በራሱ ወደ ተራሮቹ ተነሳ፣ ጉልበቴ ትንሽ ታጠፈ፣ ሁለት እግሬ ገጥሞ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ቀድሜ ነካሁ። እግሬ ሣሩን ያዘ፣ ሰውዬው በላዬ መጣ፣ በጎኔ፣ በጭኔ፣ በጀርባዬ ተጠቀለልኩ፤ እሱ ግን ከጀርባዬ ጋር ታስሯልና አብሮኝ ተጠቀለለ። ጨርቁ በላያችን ወደቀ። ጨርቁ ሥር ሆኖ ሰውዬው ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ በትክክል ነበር ያስተማረኝ። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። እሱ ምንም አልሆነም፣ ልጅቷ ግን የአስተራረፋችንን ቪዲዮ እስከ ዛሬ ታሳያለች።

ያን ሌሊት ቁርጭምጭሚቴ ላይ በረዶ አስሬ ቢሾፍቱ ደወልኩ። እዚያ ሊነጋጋ ነው፤ ጋሼ ለጸሎት በዚያ ሰዓት ይነሳሉ።

"ጋሼ፣ ዘለልኩ።"

"ከየት?"

"ከአውሮፕላን።"

ቆዩ። "ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?"

አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ከረጢቱን ሳይ ውዬ አቅጣጫውን አላየሁም። ከፍታውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "ምን ልትሠራ እዚያ ድረስ?" አሉ። ከዚያ "ስንት ከፈሉህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የከፈልኩት።"

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሲበርድላቸው አስተራረፌን ጠየቁ፤ እግሬን መግጠሜን ነገርኳቸው።

"ጃንጥላህ ክብ ነው?"

"አይደለም። እንደ ክንፍ ነው፣ አራት ማዕዘን።"

"ታዲያ ለምን ገጠምክ?"

ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ነፋስ አለ" ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ "እኔ ከላይ ሁልጊዜ የእናትህን ቤት ነበር የምፈልገው" አሉኝ። "ጊዜው አይበቃም። ደግሞ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ነው። ከፀሐይ ጋር ሲሆን ያንጸባርቃል፣ አይለይም። ሐይቁን ታያለህ፣ ሐይቁን ካየህ ሰፈሩ ይህ ነው ትላለህ፤ ቤቱን ግን አንድም ቀን አላገኘሁትም።" ከዚያ ካርዱ አለቀ።

ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

እማዬ ምድጃው ላይ ድስቷን ጣደች። በክረምት ያቺ ቁርጭምጭሚት ትጠዘጥዘኛለች፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳሻት አየችኝ።

"ያ ነው አይደል? ከሰማይ የወደቅክበት?"

ቀና አልኩ።

"ወንድሜ በማግሥቱ ነግሮኛል" አለች፤ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ። "ለማርያም ጃንጥላ ተስዬልህ አግብቻለሁ።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስሽም?"

"አንተስ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው፤ ከምድጃው ሰማያዊ ክብ በስተቀር ብርሃን የለም። ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ገለበጠችና እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ያቺን ቀይ ቆርቆሮ ያስቀባኋት ለእሱ ነበር" አለች። "አባትህ ቀለም ይባክናል ብሎ ተቆጥቶኛል። ከላይ ሲመጣ ቤቱን ይለያት ብዬ ነው። እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አንስቶልኝ አያውቅም።" ማማሰያዋን ፈለገች። "አንተ ታወራው ነበር። አይቷት ያውቃል?"

"ያዩዋት ነበር" አልኳት። "ነግረውኛል።"

"እኔ መቼም" አለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ክሩን ዝቅ አደረገችው።